የካሰች አንድ ዓይን

መካነ ሰላም ገበያ ገብቶ ካሰችን የማያውቅ ሰው ካለ ጆሮው የታመመ ብቻ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ብትገባ እንኳ ድምፅዋ እጅህን ይዞ ባናዎቿ ዘንድ ያደርስሃል። «ና እስቲ ዳብሰው። የበግ ፀጉር ነው፤ አይነክስህም» ትላለች። ዳብሶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከንፈሩን መጥጦ የሚሄደውን ደግሞ «ሂድ ግዴለም፤ ውርጩ ራሱ መልሶ ይልክህ የለ» ብላ ትሸኘዋለች። ሰውየውም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ብርዱ ልኮት ይሁን አፏ ጎትቶት አላህ ይወቀው።

ባናውን፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራው ባሏ አስናቀው ነው። በዚህ ደጋ ያለ ባና ክረምቱን የሚዘልቅ የለም፤ የአስናቀው ባና ደግሞ ዝናብ ቢወርድበት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ሰውየው ግን የዝምታ ሰው ነው። ጠዋት ከሽመናው ይቀመጣል፣ ማታ ይነሣል፤ በመካከል የሚሰማው የመወርወሪያው ድምፅ ብቻ ነው። «ሲጋቡ ቃሉን ሁሉ ጥሎሽ አድርጎ ሰጥቷት ነው» እያሉ ጎረቤቶቹ ያሙታል። ሲሰማ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። በምን ቃሉ ይመልስ።

ካሰች የቤተ ክህነት ልጅ ናት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሙያውን ለታላቅ ወንድሟ ለመሪጌታ አካሉ አውርሰው አለፉ። ለሷ የደረሳት ቀለም መበጥበጥ ነበር። ቢጫውን ስትበጠብጥ ታዜማለች፣ ቀዩን ስትበጠብጥም ታዜማለች። አንድ ቀን አባቷ ብሩሻቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ በዘፈንሽ የመልአኩ ክንፍ ተወላገደብኝ። እባክሽ ውጭ ወጥተሽ ዝፈኚ» አሏት። ወጣች። ወጥታም ሠርግ ቤት ገባች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

የመካነ ሰላም ሠርግ ያለ ካሰች ጨው የሌለው ወጥ ነው። የቄስ ልጅ ቢዳር፣ የሼህ ልጅ ቢዳር፣ ዘፈን አውራጇ እሷ ናት። በተለይ ስሟ የገነነው በበር መዝጋት ነው። ወንዱ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊወስድ ሲመጣ የልጅቱ ወገን በሩን ይዘጋበታል። ከውስጥ በግጥም ይወጉታል፣ የሱ ወገን ከውጭ በግጥም ይመልሳል፤ ግጥም ያለቀበት ተሸነፈ። በሩ መቼም መከፈቱ አይቀርም፤ ነገሩ ማን ስቆ ማን አፍሮ ይገናኛል ነው። ካሰች የቆመችበት በር ተሸንፎ አያውቅም። ከውጭ የመጣ አውራጅ ሁለት ሦስቴ ከመለሰላት ጀግና ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳል ሳል ይለውና ውሃ ይለምናል። ቤታቸው ገብተው ድምፃቸው እስኪመለስ የተኙም አሉ ይባላል። ይባላል ያልኩት ወሬው የመጣው ከራሷ ከካሰች ስለሆነ ነው፤ እናንተም ግማሹን እመኑ።

ሊመክራት የሚሞክር አይጠፋም። «ተይ ካሰች፣ ዝም አይነቅዝም» ይላታል። የአባቶች ቃል ነው፤ ነገሩን ዋጥ ያደረገ ሰው አይከስርም ለማለት። እሷ ግን «ማን አለ? ጎተራ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ነገር ሁሉ ይነቅዛል። ዝምም ይነቅዛል» ትላለች። መካሪው ራሱ ስቆ ይሄዳል።

ከባናዎቿ ፊት ለፊት ቅመም የምትሸጠው ዙሀራ ናት። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ ናቸው። መንገዱ በመካከላቸው ያልፋል፣ ገበያተኛው በመካከላቸው ይተራመሳል፤ እነሱ ከሰው አናት በላይ ይነጋገራሉ። በመካከላቸው ያለፈ ሰው የማያገባውን ሳይሰማ አያልፍም። የዙሀራ ጾም ሲሆን ካሰች ገበያ ላይ ውሃ አትቀምስም፤ የካሰች ጾም ሲሆን ዙሀራ ወተቷን ቤቷ ጨርሳ ነው የምትወጣው። ይሄን ሁለቱም ተነጋግረው አያውቁም። ዙሀራ ሴት ልጇን ፈይዛን የወለደች ዕለት ካሰች ሕፃኗን ታቅፋ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለችና «የዚችን በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይሻማኝ» አለች። ዙሀራ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ኢንሻአላህ» አለች። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ፈይዛ አደገች፣ አረብ አገር ሄደች፣ ሰው ቤት እየሠራች ዓመታት ቆየች። ለእናቷ በደወለች ቁጥር ስልኩ መንገዱን ተሻግሮ ለካሰች ይሰጣል። «እትዬ ካሱ፣ በሬን አልረሳሽም?» ትላለች። «አፈር ስሆን፣ ምን ቆርጦኝ። ግጥሙን እያጠራቀምኩልሽ ነው» ትላታለች ካሰች። ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱ ሴቶች አንዷ ባናዋን፣ አንዷ ኮረሪማዋን እያስተካከሉ ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ልጅቱ በሰላም ገባች፤ ሙሐሲን የሚባል ደህና ልጅ ከኩታበር ጠየቃት፤ ቀኑም ተቆረጠ። የሙሐሲን አክስት ወይዘሮ ፋጢማ በኩታበር ወገን የታወቁ አውራጅ ናቸው፤ የወንዱን ግጥም ይዘው የሚመጡት እሳቸው እንደሆኑ ታውቋል። ካሰች ይሄን ስትሰማ እጇን አፋተገች። «እሰይ። ሰው አገኘሁ» አለች።

እንግዲህ ሥዕሉ የመጣው በዚህ መካከል ነው።

የመሪጌታ አካሉ ልጅ ኒቆዲሞስ አዲስ አበባ ሥዕል የተማረ ነው። አባቱ ቅዱሳንን በብሩሽ ይሥላሉ፤ ልጁ አላፊ አግዳሚውን በሚረጭ ቀለም ይሥላል። ከወፍራም ካርቶን ላይ የሰው ቅርጽ በምላጭ ቆርጦ ያወጣል፣ ግድግዳ ላይ ያስጠጋዋል፣ ቀለሙን ፍስስ ያደርግበታል፤ ካርቶኑ ሲነሣ ሰው ይወጣል። የግድግዳው ባለቤት ሲወጣ ደግሞ ኒቆዲሞስ ይሮጣል። ሩጫው ሲሰለቸው ያንኑ ሥራ በትልልቅ ወረቀት ላይ ያትም ጀመር፤ አሁን ሰው ግድግዳውን ከማስጠበቅ ይልቅ ለግድግዳው ይገዛለታል። ባለፈው መስቀል አገሩ መጥቶ ገበያ ውስጥ ከአክስቱ ጎን ቆሞ ሲያያት ዋለ። ካሰች ገዥ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሁለት ባና ልታሸክመው ሞክራ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር በአውቶቡስ ተላከላት። ዙሀራ አንዱን ጫፍ፣ እሷ ሌላውን ይዘው ዘረጉት።

ካሰች ናት። በጎን ናት። አንገቷ ተመዟል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፊቷ ጥቁር ነው፤ ሻሹ ግን ዓይን የሚወጋ ሮዝ ሆኖ ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ድረስ ይንጠባጠባል። ከአፏ የሚወጣው ቃል አይደለም፤ መስመር ያለው ባና ነው፤ ከምላሷ ላይ እየተተረተረ ወረቀቱን ሞልቶ ጠርዙን አልፎ ይሄዳል። ከላይ፣ ግድግዳ ላይ ተቻኩሎ በተጻፈ በሚመስል ፊደል፣ «ዝምም ይነቅዛል» ይላል። ኒቆዲሞስ በስልክ እንደነገራት አዲስ አበባ ሲታይ ሰው ተጣልቶበታል። አንዱ እናቶችን ተሳደበ ብሏል፤ አንዷ ፊቱ ቆማ አልቅሳ ገዝታዋለች።

ካሰች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «የወለቀውን ጥርሴን እንኳ አልደበቀልኝም። ወርቅ ልጅ» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማት ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ሕይወቷን ሙሉ አፍሽን ዝጊ ስትባል ኖራ፣ አፏን ከፍቶ በክብር የሠቀላት ሰው መጣ። ላስቲክ አልብሳ ከባናዎቿ በላይ ቆርቆሮው ላይ በምስማር መታችው።

ነገር ወዲያው ተጀመረ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በዘንጋቸው ወደ ጽሑፉ እያመለከቱ «አንቺ ካሰች፣ ይሄ ነገር ሴቶቻችንን እንዳያበላሽብን» አሏት። «የተበላሸች ካለች ያምጡልኝ፤ በባና ጠቅልዬ እመልስልዎታለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለፉ። እንዲህ ያለውን እሷ ትችለዋለች፤ ለነገር መልስ አጥታ አታውቅም።

ያልቻለችው የማኅበር ጓደኛዋ ሥርጉት ያመጣችውን ነው። ሥርጉት ሥዕሉን አየት አድርጋ «ዓይንሽስ?» አለቻት።

«የትኛው ዓይኔ?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ።»

ካሰች ቀና ብላ አየች፤ ክው አለች። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ በሁለት ዓይኑ እያየህ። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው፣ ሰማዕታትን የሚያርደው ወታደር ነው። ይሄን በኛ አገር ፊደል ያልቆጠረም ያውቀዋል። ካሰች ደግሞ ለዚያው ሥዕል ቀለም እየበጠበጠች ያደገች ናት። በአፏ ስትደሰት ዓይኗን ሳታየው ቀረች።

ክርስቲያኑ ይሁዳ ሲል ሙስሊሙም ዝም አላለም። በመጨረሻው ዘመን ይመጣል የተባለው አሳሳቹ ደጃል አንድ ዓይና ነው። እንግዲህ ወሎ ነው፤ ሠርጉንም ሐዘኑንም እንደሚካፈል ሐሜቱንም እኩል ተካፈለው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። «ይሁዳ፣ ባና ስንት ነው?» እያሉ ይስቃሉ፤ «ላንተ ሠላሳ ብር» ትላለች። በኋላ ግን አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሣው፣ ፎቶው ከስልክ ስልክ ተላለፈ፣ ኩታበርም ደረሰ።

ከወይዘሮ ፋጢማ የመጣው ቃል በሽማግሌ በኩል ነው። «እንደ ደጃል በአንድ ዓይን የተሣለች ሴት በሙሽራችን በር ላይ አትቁም። ምቀኝነት አይደለም፤ የልጆቹን ትዳር ፈርተን ነው» ይላል።

ዙሀራ ሽማግሌውን ሸኝታ መንገዱን ተሻገረች፤ ካሰች አጠገብ ተቀምጣ የመጣውን ቃል ነገረቻት። የልጇ አማቶች ናቸው። ልጅቱ ነገ እነሱ ቤት ነው የምትኖረው። ካሰች ተነሣች፣ በርጩማ ላይ ወጣች፣ ምስማሮቹን ነቅላ ሥዕሉን ጠቀለለችው። «ወረደ በያቸው» አለች። ኩታበር ተደወለ። «ወርዶም ቢሆን አንዴ ታይቷል» የሚል መልስ መጣ።

«እንግዲያው አብሽሪ» አለቻት ካሰች። «እኔ ወጥ ቤት እሆናለሁ። ሽንኩርት እንደሆነ በስንት ዓይንሽ ታለቅሻለሽ ብሎ አይጠይቅም።» ይሄን ስትል ስቃለች። ዙሀራ ግን አልሳቀችም። የካሰችን ሳቅ ከነዓይነቱ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ካሰች ገበያ ላይ አልተጣራችም። ባናውን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ የጠየቃትን ዋጋውን ትነግራለች፤ ያልጠየቃትን ታሳልፋለች። ገዥው ግራ ገባው። «ታመሽ ነው?» ይላታል። ቤቷም ገብታ ያው ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ያጠራቀመችው ግጥም ነው ጉሮሮዋ ላይ የቆመው፤ ለፈይዛ የተባለው ለሌላ ሙሽራ አይሰጥ፣ ተመልሶ አይዋጥ።

አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሁለቱም ሳይናገሩ ሲበሉ አስናቀው እጁን ከመሶቡ አነሣ።

«ቤቱ ጭር አለብኝ» አለ።

ካሰች ቀና አለች።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ዝም ያልኩት አንቺ እንድትናገሪ ነው» አለና እጁን መልሶ ሰደደ። ለአስናቀው ይሄ የዓመት ቃሉ ነው። ካሰች ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ከዚያም ተደብቃ ሳይሆን እዚያው ፊቱ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ኒቆዲሞስ ከአዲስ አበባ መጣ። የሆነውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ በጎን ቆሜ ነበር። ያየሁትን ነው የሣልኩት» አላት። አባቱ መሪጌታ አካሉ ግን ቁጣም ምክርም አልጀመሩም። «እስቲ ሥዕሉን አምጪው» አሉ። ካሰች ቤት አልጋው ላይ ተዘረጋ። ዙሀራም የሠርጉን ቅመም ልታደርስ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የመሪጌታ ፍርድ ነው፤ ይሁዳ ነው ካሉ ከዚህ ወዲያ ይግባኝ የለም።

መሪጌታ አቀርቅረው የፊቷን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። እህታቸው በቃል የፈሰሰችውን ያህል እሳቸው የተቆጠቡ ሰው ናቸው።

«አንድ ዓይን የምንሰጠው» አሉ በመጨረሻ፣ «ፊቱን ከሰው ላዞረ ነው። ይሁዳ ፊቱን ያዞረው ከጌታው ነው። ይቺ ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ ሰው ነው። ሰው የሌለበት እንዲህ አፉን የሚከፍት የለም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰውየው የታለ? ለምን አልሣልከውም?»

ኒቆዲሞስ አናቱን አከከ። «ወረቀቱ አልበቃኝም፣ አባዬ።»

«ሰውየው እኔ ነኛ» አለች ዙሀራ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ቅመሙን አስቀመጠችው።

«እኔን ነው የምትጠራው። ሌላ ማንን ትጠራለች? ምን እያለችኝ እንደነበርም አውቃለሁ። ኮረሪማሽን ነፋስ ወሰደው እያለችኝ ነው።» «ኒቆ፣ ያን የሚረጨውን ቀለም ይዘህ መጥተሃል?»

«ያለሱ የት እሄዳለሁ፣ እትዬ ዙሀራ።»

«ደግ። የግቢዬ በር ቆርቆሮ ነው፤ ሰፊ ነው። እኔንም በጎን ሣለኝ።»

ካሰች ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ተይ ዙሀራ። ልጅ እየዳርሽ ነው። በአማት አይቀለድም።»

«ልጄን የምድረው እኔ ነኝ። በሩም የኔ ነው። አንቺ እንደሆንሽ ወጥ ቤት ነኝ ብለሻል፤ ሂጂና ሽንኩርትሽን ላጪ» አለቻት። ዙሀራ ወዲያው ለፈይዛ ነገረቻት። ፈይዛ እጇን በሂና ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። «እኔ አረብ አገር ሆኜ ሲከፋኝ የማስበው ያን በር ነው» አለች። «እትዬ ካሱ ያልዘጋችውን በር ምን ብዬ እወጣዋለሁ?»

የሠርጉ ቀን የኩታበር ሰዎች በሚኒባስ መጡ። ከመንገዱ ራስ ወርደው፣ ድቤያቸውን እየመቱ፣ ሙሐሲንን በመካከል አድርገው፣ ወይዘሮ ፋጢማን ከፊት አስቀድመው እየዘፈኑ ወደ ዙሀራ ቤት ቀረቡ። በሩ ፊት ሲደርሱ ድቤው ቀጥ አለ።

በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው። በቀኙ ላይ የካሰች ሥዕል ተለጥፏል፣ ከነሮዝ ሻሿ፣ ከነተከፈተ አፏ። በግራው ላይ ኒቆዲሞስ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ የረጫት ዙሀራ አለች፤ እሷም በጎን፣ እሷም በአንድ ዓይን፣ እሷም አፏን ከፍታ። ከካሰች አፍ የወጣው ባና በሩ የተጋጠመበትን ስንጥቅ ተሻግሮ ዙሀራ ትከሻ ላይ ተደርቧል። ከዙሀራ በላይ፣ ለጓደኛዋ ጽሑፍ መልስ ሆኖ፣ «ሰማሁሽ» የሚል ተጽፏል። ሁለቱንም ዙሪያውን የከበባቸው የሐረግ ጌጥ የመሪጌታ አካሉ እጅ ነው። ልጃቸው ሲረጭ በአጠገቡ ሲያልፉ አላስቻላቸውም፤ ሰው ልከው ብሩሻቸውን አስመጡ።

ሰው ሁሉ ወይዘሮ ፋጢማን አየ። ምን ይበሉ? የሙሽራዋን እናት ደጃል ይበሏት?

በሩ ጥቂት ገርበብ አለና ዙሀራ ብቅ አለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። እትዬ ፋጢማ፣ እንደሚያዩት አንዱ ዓይን የኔ ነው፣ አንዱ የካሰች ነው። ፈይዛን ያሳደግናት በሁለቱ ነው። አንዱን ብቻ ካሉ ጎደሎ ነን፤ ሁለቱን ካሉ ሙሉ ሰው ነን። እርስዎ ይንገሩኝ፣ በሩን ማን ይዝጋ?»

ወይዘሮ ፋጢማ ከግራ ወደ ቀኝ አዩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዩ። ሙሐሲን ከኋላቸው በልብሱ እጅጌ ላቡን ጠረገ። አጎቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ከግቢው ውስጥ ድስት ሲንተከተክ ይሰማል።

«እሷን ጥሪያት» አሉ ወይዘሮ ፋጢማ። «በሩ እንደሁ ያለ ሰው አይዘጋም።»

ካሰች ከወጥ ቤት ወጣች። ቢላዋው በእጇ ነው፣ ዓይኗ በሽንኩርት ቀልቷል፤ በሽንኩርቱ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ቢላዋውን ለሥርጉት ሰጠች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመው ጉሮሮዋን ገፍቶ ወጣ፦

«አንድ ዓይና ናት ብለው ስሜን ያጠፉት፣
በየትኛው ዓይን ነው ሙሽራዋን ያዩት?»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ከውጭ ድቤው ተነሣ፤ ወይዘሮ ፋጢማም ዋዛ አልነበሩም፦

«በአንዱ ዓይናችን አይተን በአንዱ ጠቀስናት፣
አንቺ ስትለፈልፊ እኛ ወሰድናት።»

የኩታበር ሰው ዘለለ። ካሰች በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ እያየች ፊቷ በራ። እውነትም ሰው አግኝታለች።

«ባና ደርባ ያደገች ብርድ የማያውቃት፣
ኩታበር ቢበርዳት ማን ደርቦ ሊያለብሳት?»

«የሙሐሲን ክንዱ መቼ አንሶ ሊበርዳት፣
ባናሽን ሽጪላት ባል ላላቀፋት።»

ጉድ ተባለ። ሴቶቹ ጉልበታቸውን ያዙ፤ ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ አስናቀውን ፈለገ። አስናቀው ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ካሰች በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው፣ ድምፅዋንም ለሱ ብላ ከፍ አደረገችው፦

«ባሌ ክንዱ ሰፊ፣ አገር ያለብሳል፣
የናንተው ጎበዝ ገና አንዷን ይለምናል።»

ወይዘሮ ፋጢማ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ድቤው ጠበቃቸው፤ አሁንም ምንም አልወጣም። ከዚያ ሳል ሳል አላቸው።

«ውሃ» አሉ።

በሩ የተከፈተው በግቢው ሳቅ መካከል ነው። ፈይዛ ከጓዳ ብቅ ብላ እየሳቀችም እያለቀሰችም ካሰች አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሂናዋ የካሰችን ነጠላ አቀለመው፤ ካሰችም ነጠላውን እስከ ዛሬ አላጠበችውም። ሙሐሲን ሙሽራዋን አገኘ፣ አጎቶቹ ሥጋቸውን አገኙ፣ ኒቆዲሞስም ከኩታበር ወጣቶች የሦስት በር ሥራ አገኘ።

ወይዘሮ ፋጢማ ውሃቸውን ጨርሰው መጡና ድንኳኑ ጥግ ከባሏ ጎን አረፍ ካለችው ካሰች አጠገብ ቁጭ አሉ። ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ካሰች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያን ቃል የላክሁት ዓይንሽን ፈርቼ አልነበረም።»

«ታዲያ ምኔን ፈርተው ነው?»

«አፍሽን ነዋ።»

ካሰች የምትመልሰው አጣች። ከጎኗ አስናቀው ድምፅ አውጥቶ ሳቀ።